ፒኤምፒ ልፈተን ወይስ ጊደር ልግዛ?

የጦሳ ግርጌ
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ደሴ ነው የምኖረው። በሲቪል ምሕንድስና ከተመረቅኩ ሰባት ዓመት ሞላኝ። ሁለቱን ዓመት ኮምቦልቻ ከአንድ ሕንፃ ተቋራጭ ጋር ሠራሁ፤ ከዚያ ወዲህ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የገጠር ውሃ ፕሮጀክቶችን እከታተላለሁ። ክትትል ማለት ምን እንደሆነ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ግማሹ መንገድ፣ ሩቡ ሪፖርት፣ የቀረው ስልክ ነው።

በእጄ የአምስት ወር ደመወዝ የሚሆን ቁጠባ አለ። እናቴ ሰኞ ባቲ ገበያ ወርደን ጊደር እንድንገዛ ትፈልጋለች፤ ሐይቅ ከተማ የሚኖረው አጎቴ ያረባልኛል። እኔ ደግሞ ዓመት ሙሉ ፒኤምፒ የሚባለው የፕሮጀክት ሥራ አመራር ሰርተፊኬት ልቤ ውስጥ ገብቷል። ፈተናው ብቻ ከ400 ዶላር በላይ ነው። ከሐምሌ 2016 በፊት ዶላሩ በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ምንዛሪው ለገበያ ከተተወ በኋላ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ያን ጊዜ ተፈትኜ ቢሆን እያልኩ ስቆጭ አድራለሁ።

መሥሪያ ቤቴ ሰርተፊኬቱን ባመጣም ደመወዜን በአንድ ብር አይጨምርም፤ ጠይቄአለሁ። የቀድሞ አሠሪዬ ቢሮ ደግሞ በ2014ቱ ጦርነት ኮምፒውተሩም ዶሴውም ስለጠፋበት የልምድ ማስረጃ ከየት እንደማመጣ አላውቅም። ያለፋችሁበት ካላችሁ ንገሩኝ። የእናቴን ሐሳብ ለመደገፍ የምትፈልጉም ጻፉ፤ አልቀየማችሁም።

ቦርከና ማዶ
እኔ ፒኤምፒ አለኝ፤ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። የምሠራው ደሴ፣ አንድ የረድኤት ድርጅት ውስጥ ነው። እውነቱን ልንገርህ፤ ሥራውን ያገኘሁት በእሱ አይደለም፤ ለቃለ መጠይቅ የተጠራሁት ግን በእሱ ይመስለኛል። ማስታወቂያው ላይ «ቢኖረው ይመረጣል» የሚል መስመር ነበር። ሦስት መቶ ሰው ባመለከተበት ቦታ ያች መስመር ወንፊት ናት። ከወንፊቱ ካለፍክ በኋላ ማንም አያነሣት፤ እኔንም እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም።

ለማያውቁት፦ ሰጪው ፒኤምአይ የሚባል በ1969 አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተ የሙያ ማኅበር ነው፤ ዓመተ ምሕረቱ በፈረንጆች ነው። ፒኤምፒን መስጠት የጀመረው በ1984 ነው፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ይዞታል። ዲግሪ ላለው ሰው 36 ወር ፕሮጀክት የመምራት ልምድ እና የ35 ሰዓት ትምህርት ይጠይቃል። ዲግሪ ለሌለው ልምዱ 60 ወር ነው። እኔ ስፈተን ፈተናው 180 ጥያቄ በ230 ደቂቃ ነበር። ስንት ካገኘህ እንደምታልፍ አይነግሩህም፤ የማለፊያ ነጥቡን አያወጡትም። ካለፍክ በኋላም በየሦስት ዓመቱ 60 የሙያ ማሻሻያ ነጥብ ማከማቸትና የማደሻ ክፍያ መክፈል አለብህ። ስለዚህ ጊደርም ብትለው ሣር የሚፈልግ ጊደር ነው።

ተቋራጩ ከሐርቡ
ልጆች፣ እኔ በሙያው 26 ዓመቴ ነው። እኔ የማውቀው ሰርተፊኬት አንድ ነው፤ አማካሪው ፈርሞበት ክፍያ የሚወጣበት። ሌላውን ለግድግዳ ነው የምትሰቅሉት።

የጦሳ ግርጌ
ጋሼ፣ እርስዎ የሚሉት ሰርተፊኬትም እኮ ሳይፈረም ስንት ወር ይከርማል!

ተቋራጩ ከሐርቡ
እሱን ለአማካሪዎች ንገርልኝ።

አዲስ ገቢ 7
ምን ያስጨንቃችኋል? ደሴ ውስጥ የአምስት ቀን ሥልጠና እየተሰጠ ነው፤ ሲጨርሱ «ፒኤምፒ» የሚል ሰርተፊኬት በፍሬም ይሰጣሉ። እኔ ወስጄአለሁ። ዋጋው የዚህን አንድ አሥረኛ አይሆንም፤ ዶላርም አይጠይቅም።

ቦርከና ማዶ
ወንድሜ፣ እንዳታዝንብኝ፤ የወሰድከው የተሳትፎ ምስክር ወረቀት ነው። ጥሩ አስተማሪ ገጥሞህ ከሆነ ለ35 ሰዓቱ ትምህርት ሊቆጠርልህ ይችላል፤ ስንት ሰዓት እንደተማርክ ወረቀቱ ላይ መጻፉን አረጋግጥ። ግን የሥራ ማመልከቻህ ላይ «ፒኤምፒ አለኝ» ብለህ እንዳትጽፍ። ፒኤምአይ የባለ ሰርተፊኬቶችን ስም ማንም ሰው ድረ ገጹ ላይ እንዲፈልግ ከፍቶታል። እኛ ቢሮ ባለፈው ዓመት ስማቸው የተፈለገ አምስት አመልካቾች ነበሩ። የተገኘው የአንዱ ብቻ ነው። አራቱ ምናልባት እንዳንተው በቅንነት ነው የጻፉት፤ ግን ማን ይህን ተቀምጦ ይመረምራል? ወረቀታቸው ወደ ጎን ሄደ።

አዲስ ገቢ 7
ይህን ዛሬ ነው የሰማሁት። ከማመልከቻዬ ላይ አወጣዋለሁ። ፍሬሙን ግን አላወርደውም፤ እናቴ ለጎረቤት ሁሉ አሳይታለች።

ሙጋድ 14
ለየጦሳ ግርጌ፦ የልምድ ማስረጃው አያስጨንቅህ። ጓደኛህን አለቃ አድርገህ ጻፈው፤ ቢጠየቅ «አዎ» ይበል። ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው።

ቦርከና ማዶ
ሁሉም አያደርገውም። እኔ በዕጣ ለማጣራት ከሚመረጡት ውስጥ ወጣሁ። ማመልከቻዬ ላይ ለጻፍኩት ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት የሚያውቀኝ ኃላፊ በፊርማው እንዲያረጋግጥ ተጠየቅኩ፤ የዲግሪዬን ቅጅና የ35 ሰዓቱን ማስረጃም ጭምር። የተሰጠኝ ጊዜ 90 ቀን ነበር። አንዱ አለቃዬ አዋሳ ተዛውሮ ነበር፤ እሱን ፍለጋ ብቻ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

ጦሳ፣ የአንተ ነገር ግን የሚፈታ ነው። ፒኤምአይ የሚጠይቅህ የተቋራጩን ዶሴ አይደለም፤ ሥራህን የሚያውቅ ሰው ፊርማ ነው። ዶሴው ተቃጥሎ ይሆናል፤ የሳይት መሐንዲሱ ወይም የቀድሞ ሥራ አስኪያጅህ በሕይወት አለ። በዚያ ላይ ከ2013 ወዲህ ያለው የመንግሥት ሥራህ ብቻውን ከ36 ወር ይበልጣል። የሁለቱን ዓመት ተወው። አስቸጋሪው ሌላ ነው። «መከታተል» እና «መምራት» አንድ አይደሉም። አንተ የሥራ መርሐ ግብር ታወጣለህ? ከተቋራጩ ጋር ስትከራከር የምትወስነው አንተ ነህ? የቀበሌውን ሰው የምትሰበስበው አንተ ነህ? ከሆነ መምራት ነው፤ የሥራ መደብህ ስም ምንም ይሁን። የምትሄደው ፎቶግራፍ አንሥተህ ለመመለስ ከሆነ ግን ራስህን አትዋሽ።

የጦሳ ግርጌ
ሁለቱንም አደርጋለሁ። ፎቶግራፉንም።

ወልድያ ላይ ያለሁ
እስካሁን የተጻፈውን ሁሉ አነበብኩ። ሁላችሁም የምታወሩት ወረቀቱ ምን ያስገኛል የሚለውን ነው። ለፈተናው ስትዘጋጁ ራሳችሁ ውስጥ ምን ይቀራል የሚለውን ማንም አላነሣም። እኔ አጥንቻለሁ፤ አልተፈተንኩም። ገንዘቡ ለእህቴ ሕክምና ዋለ። ግን ካጠናሁት ውስጥ አንዷን ነገር በየወሩ እጠቀምባታለሁ፤ እሷን ላሳያችሁ።

12 ሚሊዮን ብር የተያዘለት፣ በአንድ ዓመት ማለቅ ያለበት የምንጭ ማጎልበትና የቧንቧ መስመር ሥራ አለ እንበል። እስከ ታኅሣሥ ማብቂያ መሠራት የነበረበት የ6 ሚሊዮን ብር ሥራ ነው። የወጣውም ገንዘብ 6 ሚሊዮን ብር ነው። ታዲያ በግምገማ ላይ ምን ይባላል? «የበጀት አጠቃቀማችን መቶ በመቶ ነው» ይባላል፤ ይጨበጨባል። አንድ ሰው ሜትር ይዞ ሜዳ ወርዶ ቢለካ ግን የተቀበረው ቧንቧና የቆመው የውሃ ማከፋፈያ ተደምሮ ዋጋው 4.5 ሚሊዮን ብር ብቻ ነው።

አሁን አካፍሉ። 4.5ን ለታቀደው 6 ስናካፍል 0.75 ይሆናል፤ ይህ የጊዜው መለኪያ ነው። ከአራት ቀን ሥራ ሦስቱን ብቻ ነው የሠራነው ማለት ነው። 4.5ን ለወጣው 6 ስናካፍልም 0.75 ነው፤ ይህ የገንዘቡ ነው። አንድ ብር አውጥተን የ75 ሳንቲም ሥራ አገኘን። በዚሁ ከቀጠልን ጠቅላላውን 12 ሚሊዮን ለ0.75 አካፍሉት፤ 16 ሚሊዮን ይወጣል። ስለዚህ ገና በታኅሣሥ 4 ሚሊዮን ብር እንደጎደለን እናውቃለን፤ ሰኔ ላይ ደንግጠን አንሯሯጥም።

ይህ የ12ኛ ክፍል ሒሳብ እንኳን አይደለም። እኛ መሥሪያ ቤት «ፊዚካል አፈጻጸም» እና «ፋይናንስ አፈጻጸም» ብለን በሁለት ዓምድ ለየብቻ እንጽፋቸዋለን፤ ሁለቱን ዓምዶች እርስ በርስ ያነጋገራቸው ሰው ግን የለም። ፒኤምፒ ለእኔ ያስተማረኝ ያንን ነው።

ተቋራጩ ከሐርቡ
እህቴ፣ ሒሳብሽ ልክ ነው። ግን አንድ ነገር ዘለልሽ። ከወጣው 6 ሚሊዮን ውስጥ ቅድመ ክፍያ አለ? ለተቋራጩ በውሉ መጀመሪያ እስከ 30 በመቶ ተሰጥቶት ከሆነ ያ ገንዘብ ገና በየክፍያው ይቀነሳል እንጂ ወጪ አይደለም። ቅድመ ክፍያውን ከወጪ ቆጥረሽ ተቋራጩን በ0.75 እንዳታሳጪው። ብዙ ጊዜ ያሳጡናል።

ወልድያ ላይ ያለሁ
ጋሼ ልክ ነዎት፤ አመሰግናለሁ። ያልተመለሰው ቅድመ ክፍያ መቀነስ አለበት። መጋዘን ገብቶ ገና ያልተቀበረ ቧንቧም ካለ ለብቻው መታየት አለበት። ይህን እኔም መጀመሪያ ላይ ተሳስቼ አንድ ደግ ተቋራጭ አስቀይሜአለሁ።

ተቋራጩ ከሐርቡ
ደግ ተቋራጭ የሚል ቃል ዛሬ ገና ሰማሁ። ዕድሜ ይስጥሽ።

የቅሬ ጸሐፊ
እኔ መምህር ነኝ፤ ፕሮጀክት ምኔም አይደለም። ግን የሰፈራችን ቅሬ (ዕድር) ጸሐፊ ሆኜ 11 ዓመት አገልግያለሁ። ሰው ሲሞት በአራት ሰዓት ውስጥ ድንኳን ይቆማል፣ መቃብር ይቆፈራል፣ ለሩቅ ዘመድ ይነገራል፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ቦታ ቦታውን ይይዛል፤ ማንም የሥራ መርሐ ግብር አላወጣም። ይህን የሚያደርግ ሕዝብ ከአሜሪካ ወረቀት ገዝቶ ፕሮጀክት መምራት ይማራል መባሉ ትንሽ አሳቀኝ።

ወልድያ ላይ ያለሁ
መምህር፣ ቀብር የማይዘገየው አስከሬን ስለማይጠብቅ ነው። የውሃ ፕሮጀክት ግን ይጠብቃል። ሰውየውም ይጠብቃል፤ ሴቶቹ ጀሪካን ተሸክመው ሁለት ሰዓት እየሄዱ ይጠብቃሉ። የሚቆጥርላቸው ስለሌለ ነው ሰንጠረዥ የሚያስፈልገው።

የቅሬ ጸሐፊ
ይህን አልመልስም። ልክ ነሽ።

ከኮምቦልቻ
እኔ ደግሞ የማነሣው ሌላ ነው። የኮምቦልቻ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ምሳሌ አለን፤ ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርሰው 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ የባቡር መስመር። ወደ አዋሽ ያለው ሐዲድ ተነጠፈ፣ ጣቢያው ቆመ፣ ምሰሶው ተተከለ፤ የኤሌክትሪክ ኃይሉ ግን ሳይደርስ ዓመታት ቆየ። በላዩ ላይ ጦርነቱ መጣ። ሐዲዱን የሠሩት ሰዎች የዕቅድ ክፍል ምን ያህል ጠንቃቃ እንደነበር አብሬ ስለሠራሁ አውቃለሁ፤ እያንዳንዷ የኮንክሪት ሙሌት ፕሪማቬራ በሚባለው የዕቅድ ሶፍትዌር ላይ ቁጥር ነበራት። የፒኤምፒ ባለቤትም አልጠፋም። ችግሩ ከአንዱ ውል ውስጥ ሳይሆን በሁለቱ ውሎች መካከል ያለው ክፍተት ላይ ነበር። ስለዚህ ሰርተፊኬት ያለው ሰው ከበላዩ የሚወሰነውን አያስተካክልም። ይህን አውቃችሁ ግቡበት።

ሌላው የእኛ አገር የበጀት ዓመት ነው። ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ በደጋው ወሎ ያን ጊዜ ዝናቡ ምድሩን ይዞታል፣ መኪና ወደ ሳይት አይገባም። ጨረታው መስከረም ይወጣል፣ ውሉ ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ይፈረማል። ትንሽ ሳይቆይ በልግ ይዘንባል። ከዚያ ሰኔ 30 ደርሶ ያልተከፈለው ብር ተመላሽ እንዳይሆን ሁሉም ይራኮታል። በዓመት ውስጥ በእርጋታ ቆፍረህ ቧንቧ የምትቀብርበት ጊዜ ቢቆጠር ከአምስት ወር አይበልጥም። የፈረንጅ መጽሐፍ ላይ ይህ የለም፤ አንተው ነህ የምታስገባው።

ቦርከና ማዶ
ከኮምቦልቻ ጋር በግማሹ እስማማለሁ። ግን ያንኑ አምስት ወር ወስደህ የትኛው ሥራ ቢዘገይ ሁሉንም እንደሚያዘገይ ለማወቅ የመጽሐፉ ዘዴ ይበቃል። እኔ ስሠራው ሁልጊዜ የሚወጣው ቁፋሮው ሳይሆን የቧንቧ ግዢው ነው። ቁፋሮውን ሰው በደቦም ይጨርሰዋል፤ ቧንቧው ግን የውጭ ምንዛሪ እየጠበቀ ይቀመጣል። ውል ሳይፈረም ግዢው እንዲጀመር የሚከራከር ሰው ነው የሚያስፈልገው።

ጅዳ ያለሁ
ለወንድሜ ለጦሳ፦ እኔ ለታናሽ ወንድሜ በካርዴ ከፍዬለታለሁ፤ ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚከፍለው። ፈተናው በዓረብኛ መኖሩን ሳይ ተገረምኩ፤ በአማርኛ የለም። ወንድሜን «ና እዚህ፣ ዓረብኛ አስተምርሃለሁ» አልኩት፤ በእንግሊዝኛ ተፈተነ። ቤቱ ሆኖ በኢንተርኔት ነበር። በመሐል መብራት ጠፋ፤ ግንኙነቱ ተቋረጠ፤ እንደገና ለመቀመጥ ብዙ መልእክት ተጻጻፈ። ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፤ አዲስ አበባ ወርደህ በፈተና ማዕከል ተፈተን። የ401 ኪሎ ሜትር መንገድ ይሻላል።

ቦርከና ማዶ
ለሌሎችም ልጨምር። ልምዳችሁ ካልሞላ ካፕም የሚባል ታናሽ ወንድም አለው፤ ልምድ አይጠይቅም፣ የ23 ሰዓት ትምህርት ይበቃዋል፤ ፈተናው 150 ጥያቄ ነው። በልማት ድርጅት ለመሥራት ለምትፈልጉ ደግሞ ቀድሞ ፒኤምዲ ፕሮ፣ አሁን ፕሮጀክት ዲፕሮ የሚባለው አለ፤ የተዘጋጀው ለዚሁ ዘርፍ ነው፣ መመሪያ መጽሐፉም በነጻ ይገኛል፣ ዋጋውም ከፒኤምፒ ጋር አይወዳደርም። ደሴም ወልድያም ላሉት የእርዳታ ድርጅቶች ይህን ታውቀዋለህ ከተባልክ ይበቃል። ፒኤምፒ የሚከፍልህ ከትልልቅ የውጭ ተቋራጮች፣ ከአማካሪ ድርጅቶች፣ ወይም ከአገር ውጭ ከሆንክ ነው። መንግሥት ቤት ውስጥ ሆነህ እዚያው ለመቆየት ካሰብክ እናትህ ልክ ናቸው።

የጦሳ ግርጌ
(ከሦስት ሳምንት በኋላ)
ይቅርታ፣ ጠፋሁ። ጊደሯ ተገዝታለች። ዳማ ናት፤ አጎቴ ስም አውጥቶላታል፣ «ፒኤምፒ» ብሏታል። እናቴ ስሙን አልወደደችውም።

የ35 ሰዓቱን ትምህርት በኢንተርኔት ጀምሬአለሁ፤ 12 ሰዓት ጨርሻለሁ። ፈተናውን ለሚቀጥለው ዓመት ገፋሁት። የቀድሞ ሥራ አስኪያጄንም አገኘሁት፤ ሚሌ መንገድ ላይ ሆቴል ከፍቷል፤ «የምትፈልገውን አስፈርመኝ» አለኝ።

ዋናው ግን ይህ ነው። የእህታችንን የወልድያዋን ሒሳብ ወስጄ በእጄ ካሉት አንዱ ፕሮጀክት ላይ ሠራሁት። ለገንዘቡ መለኪያ ጋሼ እንዳሉት ቅድመ ክፍያውን ቀነስኩ። የጊዜው መለኪያ 0.62 ወጣ። ሪፖርታችን ላይ የተጻፈው «በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛል» የሚል ነበር። ለኃላፊዬ ወሰድኩለት። ለረጅም ጊዜ አየው። «ጥሩ ሠርተኸዋል» አለኝ። ቀጥሎ «ይህ ቁጥር ግን ወደ ላይ አይሄድም» አለ፤ ወረቀቱን ወደ መሳቢያው አስገባው።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ፈተናው ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ አለ?

ወልድያ ላይ ያለሁ
አለ። እንዲያውም ይበዛል፤ እኔ ሳጠና ከፈተናው 42 በመቶው ስለ ሰው ነበር። ልዩነቱ እዚያ አራት ምርጫ ይሰጡሃል። «ለኃላፊህ አሳውቅ» የሚለው ብዙ ጊዜ አንዱ ነው፤ አንተ እሱን መርጠህ ጨርሰሃል። መልሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እሱ አይደለም፤ «መጀመሪያ ምክንያቱን መርምር» የሚለው ነው። 0.62 ለምን ሆነ? ይህን ይዘህ ብትገባ ኃላፊህ መሳቢያ ውስጥ የሚያስገባው ነቀፋ ሳይሆን ለበላዮቹ የሚያቀርበው መፍትሔ ይሆንለት ነበር።

ተቋራጩ ከሐርቡ
ስለ ፈተናው አላውቅም። 0.62 ከሆነና ተቋራጩ ሰነፍ ካልሆነ ቧንቧ እየጠበቀ ነው። ደውልለት።

የጦሳ ግርጌ
ደወልኩ። ቦይው ስድስት ኪሎ ሜትር ተቆፍሮ ባዶውን ተቀምጧል፤ ቧንቧው ከኅዳር ጀምሮ አልመጣም። የግዢ ደብዳቤው እኛው ቢሮ ፊርማ እየጠበቀ ነው አሉኝ። ነገ ጠዋት ፍለጋ እገባለሁ። ጋሼ፣ እንዴት አወቁ?

ተቋራጩ ከሐርቡ
እኔም አሁን አንድ ቦይ ከፍቼ ተቀምጫለሁ።